ለአባባ፣ ከጆሃንስበርግ



አባባ፣ ጉልበትዎን ተሻለዎት?

«የማንዴላ ፓርቲ ተሸንፎ ራማፎሳ እንዴት ፕሬዚዳንት ሆኖ ቀረ?» ብለው የጠየቁኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፍልዎ።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። የሚመርጠው ፓርቲ ነው፤ ፓርቲዎቹ ባገኙት ድምፅ ልክ 400ውን ወንበር ይካፈላሉ፤ ፕሬዚዳንቱን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። ማንዴላንም ግንቦት 1 ቀን 1986 የመረጣቸው ምክር ቤቱ ነበር። ስለዚህ ሰው የበዛበት ክፍለ ሀገር ያዘነበለ ዕለት ቤተ መንግሥቱ ይነቃነቃል።

ይኸውም እኔ ያለሁበት ጋውቴንግ ነው። ከዘጠኙ ክፍለ ሀገሮች በስፋት የመጨረሻው ቢሆንም በሕዝብ የሚደርስበት የለም፤ ከአገሩ አራት ሰው አንዱ ገደማ የሚኖረው እዚህ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ፣ ፕሪቶሪያ ሁሉም በውስጡ ናቸው። ራማፎሳ ራሳቸው የሶዌቶ ልጅ ናቸው። የማንዴላ ፓርቲ ኤ.ኤን.ሲ. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 እዚህ 68 በመቶ አግኝቶ ነበር። በ2014 ወደ 54 ወረደ። በ2019 ከክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት 73 ወንበሮች 37ቱን ይዞ በአንድ ወንበር ብልጫ ተረፈ። በ2024 ግን 35 በመቶ እንኳ አልሞላለትም።

ምክንያቱን ከሱቄ ሆኜ ሳየው ኖሬአለሁ። መብራት በፈረቃ ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ይበላሽ ነበር፤ ውኃ ለቀናት ይጠፋል፤ ወጣቱ ሥራ አጥቶ መንገድ ዳር ይውላል። መኪና ያላቸውን ደግሞ ኢ-ቶል የሚሉት የአውራ ጎዳና ክፍያ አስመርሯቸው ነበር። ከደንበኞቼ አንዷ፣ እርስዎን የሚያህሉ የሶዌቶ እናት፣ «ለሌላ ፓርቲ እጄ አይታዘዘኝም፤ ለእነሱም ከእንግዲህ አልሰጥም» ብለው የምርጫው ዕለት ከቤታቸው አልወጡም። ብዙው አሮጌ ደጋፊ እንዲህ ነው ያደረገው፤ እንደ እኔ አስተያየት ፓርቲውን ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ የጎዳው ይህ ዝምታ ነው።

ጋውቴንግ ብቻውን አልጣላቸውም። በሌላው ክፍለ ሀገር በክዋዙሉ ናታል የቀድሞው ፕሬዚዳንት የዙማ አዲስ ፓርቲ 45 በመቶ ወሰደ። ስሙን ሲሰሙ ይገረማሉ፤ ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ ይባላል። ማንዴላ በእኛ አቆጣጠር በ1954 እርስዎ ሰፈር ኮልፌ መጥተው ሥልጠና የወሰዱለት የኤ.ኤን.ሲ. የጦር ክንፍ ስም ነው።

በአገር ደረጃ ኤ.ኤን.ሲ. ያገኘው 40 በመቶ፣ ማለትም 159 ወንበር ነበር፤ ሆኖም ከሁሉም ይበልጣል። 87 ወንበር ካገኘው ከተቃዋሚው ፓርቲ ከዲ.ኤ. እና ከትናንሽ ፓርቲዎች ጋር ተስማማና ሰኔ 7 ቀን 2016 ማታ ራማፎሳ በ283 ድምፅ ተመረጡ።

አባባ፣ ይህን ሁሉ የምዘበዝብልዎ ስላስቀናኝ ነው። እርስዎ መንግሥት ሲለወጥ ያዩት በ1967 ጃንሆይ በቮልስዋገን ሲወሰዱ፣ በ1983 ደግሞ ታንክ አዲስ አበባ ሲገባ ነው። እዚህ ሠላሳ ዓመት የገዛ ፓርቲ ብልጫውን አጣና ውጤቱን ተቀበለ፤ እኔም በማግስቱ ሱቄን ከፍቼ ዳቦ ሸጥኩ። ለአገራችን ከዚህ የበለጠ የምመኝላት ነገር የለም።

ግን ፍርሃቴን አልደብቅዎትም። ምርጫ ሲቃረብ ወሬው ወደ እኛ ወደ ስደተኞቹ ይዞራል። በ2000 ግንቦት አሌክሳንድራ ላይ ተነስቶ የተዛመተው ጥቃት ከስልሳ በላይ ሰው ገድሏል። ድምፅ የለኝም፤ የሚሰጡት ሰዎች ግን ደንበኞቼና ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር በሰላም ለመኖር እጥራለሁ። የከተማው ምርጫ ሲደርስ ሱቁን በጊዜ እዘጋለሁ፤ ገንዘብም አላሳድርም።

ስለ ጆሃንስበርግ በሬዲዮ ክፉ ነገር ቢሰሙ ለእማማ ከመንገርዎ በፊት ይደውሉልኝ፤ እሷ ከሰማች እንቅልፍ የላትም። ጉልበትዎን ሐኪም ዘንድ ይሂዱበት፤ ብሩን በዚህ ሳምንት እልካለሁ።

አክባሪ ልጅዎ