ቲቸር፣ መንኮራኩሯ ለምን ትጋደማለች?

ይህን የምጽፈው በተለይ ላሊበላ ላይ ፊዚክስ ላስተማርኳችሁ ልጆች ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጊዜው 2009 ዓ.ም ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ የኒውተንን የመጀመሪያ ሕግ እያስተማርኩ ነበር። እንደ ልማዴ በገና ጨዋታ ጀመርኩ። ሩሯን በዱላ ብትመቷት ለምን ትቆማለች? ሣሩና መሬቱ ስለሚይዛት፣ አየሩም ስለሚገታት። ሣርም መሬትም አየርም ባይኖር ማንም ሳይገፋት ዝም ብላ ትሄዳለች። ሁሉም ጻፈ።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ይህን ልጅ ከትምህርት ቤት ይልቅ ፕሌይስቴሽን ቤት ብትፈልጉት ይቀላል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ከዚያ ጎትቼ አውጥቼዋለሁ። ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ እሱ ከስታር ዋርስ ጌሞች አንዱን ከፍቶ በመንኮራኩር ሲዋጋ ነው የማገኘው።

«ቲቸር፣ ሕዋ ላይ አየር የለም ብለውናል። ታዲያ ጌሙ ላይ መንኮራኩሯ ስትታጠፍ ለምን እንደ አውሮፕላን ትጋደማለች? ደግሞ ጆይስቲኩን ስለቀው ለምን ፍጥነቷ ይቀንሳል?»

መልሱን አላወቅሁትም። «አላውቅም» ማለት ደግሞ ያኔ ለእኔ ሞት ነበር።

«አንተ እሱን ሄደህ ጌም ቤት ጠይቅ» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጁ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ አይቼው አላውቅም።

ሦስት ዓመት አለፈ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም፣ እሑድ ጠዋት፣ የቀለበት ግርዶሹ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ ታስታውሳላችሁ። ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ስትይዝ እኔም ከሰው ጋር ቆሜ እያየሁ ነበር። ጨረቃ ሞተር የላትም፣ ከኋላ የሚገፋትም የለም፣ ግን ትሄዳለች። ያ ልጅ ድንገት ትዝ አለኝ። እኔ ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን ነገር እሱ ነበር እኮ አምኖ የጠየቀኝ! ሕጉን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ፣ ሕጉን ይዞ ጌሙን የመረመረው እሱ።

ኮሮና ትምህርት ቤት ዘግቶ ነበርና ጊዜ አለኝ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬን ብጠይቀው «ፓዮኒር» የሚባል በነፃ የሚገኝ የሕዋ ጌም በፍላሽ ላከልኝ። በአርባዎቹ ዕድሜዬ፣ ልጆቼ እየሳቁብኝ፣ መንኮራኩር መንዳት ጀመርኩ።

ይህ ጌም ሁለት ዓይነት አነዳድ አለው። በአንደኛው ፍጥነቱን ትነግሩታላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ እየገፋና እየገታ ያስተካክልላችኋል። ሁለተኛው ማኑዋል ነው፤ ኮምፒውተሩ እጁን ያወጣል፣ እናንተና ኒውተን ብቻ ትቀራላችሁ።

ማኑዋሉን ሞከርኩ። የመንኮራኩሯን አፍንጫ ወደ አንድ ጣቢያ አዙሬ ሮኬቱን ለኮስኩ። ልደርስ ስል አጠፋሁት፣ ትቆማለች ብዬ! በጣቢያው አጠገብ ሽው ብላ አለፈች። ደንግጬ አፍንጫዋን ወደ ኋላ አዞርኩ። አፍንጫዋ ዞረ፣ ጉዞዋ ግን አልዞረም። ፊቷን ወደ ጣቢያው አድርጋ፣ በጀርባዋ፣ በዚያው ፍጥነት ከጣቢያው እየራቀች ሄደች። የኒውተንን ሕግ ስንት ዓመት አስተምሬ በእጄ የነካሁት ያን ቀን ነው።

ለካ ሕዋ ላይ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ለመቆም ከፈለጋችሁ መንገዱ አጋማሽ ላይ መንኮራኩሯን አዙራችሁ፣ ሮኬቱን ወደምትሄዱበት አቅጣጫ መልቀቅ አለባችሁ። አሥር ደቂቃ እየገፋችሁ ያገኛችሁትን ፍጥነት ለማጥፋት፣ በዚያው ግፊት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ትፈልጋላችሁ። በውጊያ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የሚያባርራችሁ ካለ መሸሻችሁን ሳታቆሙ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙራችሁ መተኮስ ትችላላችሁ። ይህን የሚያደርግ አውሮፕላን የለም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። ሹምሽሃ የሚያርፈውን አውሮፕላን ሁላችንም አይተናል። በተራሮቹ መካከል ሲዞር አንድ ክንፉን ዝቅ ያደርጋል። ለውበት አይደለም። ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሳው አየር ነው፤ ክንፉ ሲጋደም ያ ኃይል ከፊሉ ወደ ጎን ይሆንና አውሮፕላኑን ወደ መታጠፊያው ይስበዋል። አየር ከሌለ መጋደም ምንም አይሠራም። መንኮራኩር ተጋድማም ቀጥ ብላም፣ በጎኗ የሚገፋት ሮኬት ከሌለ አትታጠፍም።

ታዲያ ጌሙ ለምን ይዋሻል? ነገሩ የሚጀምረው ከፊልም ነው። ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን ስታር ዋርስ ሲሠራ የመንኮራኩሮቹን ውጊያ ያቀናበረው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የአየር ውጊያ ፊልሞች እያየ ነበር። በ1993 «ኤክስ ዊንግ» የተባለውን ጌም የሠራው ሎረንስ ሆላንድም ከዚያ በፊት የሚታወቀው በዚያው ጦርነት አውሮፕላኖች ጌሞች ነው። ስለዚህ ልጁ ሕዋ ላይ አየር ያየ ቢመስለው አልተሳሳተም፤ የአውሮፕላን ውጊያ ነው ሕዋ ላይ የሰቀሉለት።

እውነቱን የሞከሩም አሉ። ከጥንቶቹ ጌሞች አንዱ፣ በ1962 አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ የተሠራው «ስፔስዋር»፣ ሁለት መንኮራኩሮችን በአንድ ኮከብ ስበት ዙሪያ ያዋጋ ነበር፤ ካልገታችኋት መንኮራኩሯ አትቆምም። በ1993 የወጣው «ፍሮንቲር» ደግሞ ሙሉውን የኒውተን ሕግ አስገባ። ውጊያው ግን ጉግስ ሆነ። ሁለት መንኮራኩሮች ከሩቅ ተያይተው ይጋልባሉ፣ በዓይን ጥቅሻ ይተላለፋሉ፣ ከዚያ ለመመለስ መከራ ነው። ፈረስ እንኳ በልጓም ይያዛል! ብዙ ተጫዋች በዚህ አማረረ። በ2014 የወጣው «ኤሊት ዴንጀረስ» መሀሉን ያዘ፦ የሚያግዝ ኮምፒውተር አለ፣ የፈለገ ደግሞ ያጠፋዋል።

«ጌም ስለሆነ ነው፣ እውነተኛ አብራሪ እንዲህ አይስትም» የምትሉ ካላችሁ ይህን ስሙ። በጁን 1965 ጀሚኒ 4 ላይ የነበረው ጄምስ ማክዲቪት፣ የተፈተነ አብራሪ፣ ወደ ሕዋ ካደረሳቸው ሮኬት ቅሪት አጠገብ ለመብረር ሞከረ። አፍንጫውን ወደ ቅሪቱ አዞረና ገፋ። ቅሪቱ ራቀው። እንደገና ገፋ፣ አሁንም አልሆነም፤ ነዳጁ እንዳያልቅ ተወው። ምድርን እየዞራችሁ ወደ ፊት ስትገፉ ምሕዋራችሁ ከፍ ይላል፣ ከፍ ያለ ምሕዋር ደግሞ ዙሩ የዘገየ ነው። የአውሮፕላን ልምዱ ነው ያሳሳተው። ስሌቱን የሠሩት ግን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ጀሚኒ 6ን ከጀሚኒ 7 ጋር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀራረቡ አደረሱ። በማርች 1966 ደግሞ ኒል አርምስትሮንግና ዴቪድ ስኮት የነበሩባት ጀሚኒ 8 አንዲት ትንሽ ሮኬቷ አልዘጋ ብላ በሰከንድ አንድ ዙር ያህል ስትሽከረከር፣ የሚያቆማት አየር አልነበረም። አርምስትሮንግ ወደ ምድር ለመመለሻ የተቀመጡትን ሮኬቶች ተጠቅሞ ነው ያቆማት። ያን ልጅ «ስለቀው ለምን ፍጥነቷ ይቀንሳል?» ያሰኘው ነገር፣ ለእነዚህ ሰዎች የሕይወት ጉዳይ ነበር።

መልሱን ይዤ ልጁን ልፈልገው አሰብኩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማችን ለወራት መብራትም ስልክም አጣች፣ ፕሌይስቴሽን ቤቱም ተዘጋ፣ ስንቱ ተበተነ። ስለ ውጊያ ጌም ማንሳትም ነውር መሰለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። «ቲቸር ይግቡ!» እሱ ነው። ጢም አብቅሏል። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ነዳጅ እየቆጠበ፣ በዜሮ ማርሽ ለቀቀው። ሳቄ መጣ። ጊዜው አሁን ነው ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፦ ጥያቄህ ልክ ነበር፣ እኔ አላወቅሁትም ነበር፣ አላውቅም ማለት አቃተኝ፣ ይቅርታ።

ትንሽ ዝም አለና እንዲህ አለኝ።

«እውነት ለመናገር ጥያቄውን ረስቼዋለሁ ቲቸር። የሳቃችሁትን ግን አስታውሳለሁ።»

ምን ይባላል? ምንም አላልኩም። ቤቴ ስንደርስ ሂሳብ አልቀበልም አለ። ግድ ብዬ ሰጠሁት። ልወርድ ስል «ግን ቲቸር፣ ቁልቁለት በሌለበት፣ ሕዋ ላይ፣ ሞተር አጥፍቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይኬዳል ማለት ነው?» አለኝ። አዎ፣ ከዚያም በላይ አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ፣ «እዚያ ነበር ባጃጅ መሥራት» ብሎ ሄደ።

አስተማሪ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ልጅ ከጌም ቤት ይዞት የመጣውን ጥያቄ የመጣበትን ቤት አይታችሁ አትመልሱት። «አላውቅም፣ ነገ አብረን እናያለን» በሉት። እኔ ይህን ሳልል ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፣ ለመንገር ደግሞ ከዚያ በላይ።

ሌሎቻችሁም፣ ጠይቃችሁኝ በሳቅ ወይም በቁጣ ያለፍኩት ነገር ካለ እዚህ ስር ጻፉልኝ። የማውቀውን እመልሳለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፣ ከዚያ ፈልጌ እመጣለሁ።