«ሲ» እና «ነበር»

ፈረንሳይኛ የተማረ ብዙ ሐበሻ «ሲ» በምትባል ትንሽ ቃል ይሰናከላል። «ቢመጣ» ወይም «ከመጣ» ለማለት የምታገለግለው እርሷው ናት። የፈረንሳይ ልጆች ደንቧን የሚይዙት «መጋዞች ሬን አይወዱም» በምትል አባባል ነው። መጋዝም በፈረንሳይኛ «ሲ» ነው፤ «ሬ» የዓሣ ስም ሲሆን፣ ኮንዲስዮኔል የሚሉት የግሥ መልክም በዚሁ ድምፅ ያበቃል። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ደስ የምትል ኅብረ ቃል ናት፤ ወርቋ «ከሲ በኋላ ኮንዲስዮኔል አታግባ» ነው። («ይመጣ እንደሆነ አላውቅም» ለማለት ግን ሁለቱ ይታረቃሉ፤ መምህራን ይህን የሚነግሩን ዘግይተው ነው።)

እኛ «ቢመጣ ይድን ነበር» ስንል ያለፈውን ጊዜ ለውጤቱ እናሸክማለን። ፈረንሳይኛ ደግሞ ኢምፓርፌ የተባለውን ያለፈ ጊዜ ከ«ሲ» አጠገብ ያኖራል። የእኛ ሰው ሁለቱንም ግሦች በ«ሬ» ቢጨርሳቸው የአማርኛውን ሚዛን መጠበቁ ነው፤ ቢያስቅ እንጂ አይጎዳም።

የሚጎዳው ሌላ ነው። «ይድን ነበር» በዕለት ንግግራችን ገና ሊሆን የሚችለውንም፣ ያመለጠውንም ይይዛል። «በዳነ ነበር» የሚሉ ሰዎች ያመለጠውን ይለዩታል፤ ይህ አነጋገር ግን እየሳሳ ሄዷል። በፈረንሳይኛ «ኢል ጌሪሬ» ካልን ተስፋ አለ፤ «ኢል ኦሬ ጌሪ» ካልን አልፏል።

ባለቤታቸው በስትሮክ ግራ ጎናቸው የደከመባቸው አንዲት ወይዘሮ፣ «ቀደም ብዬ ባመጣው ኖሮ ይድን ነበር?» ብለው ጠየቁ። አስተርጓሚው «ኢል ጌሪሬ» አለ። ፈረንሳዊው ባልደረባዬ ጥያቄው ስለ ወደፊቱ መስሎት፣ «አዎን፣ ሁልጊዜ ፈጥነው ያምጧቸው» ሲል በፈገግታ መለሰ። ሴትዮዋ የሰሙት «አዎን» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ጥያቄው ስላለፈው መሆኑን ስነግረው ብዕሩን አስቀምጦ፣ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለመደው አሠራር የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ እርሳቸው የደረሱት በማግሥቱ ነበር። «አዎን» ብቻ ብንል ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጸጸት እናሸክማቸዋለን፤ «አይደለም» ብንል ሐሰት ነው። «ምናልባት ይሻላቸው ነበር፤ እርግጡን ግን ማንም ሊነግርዎ አይችልም» አልናቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አሁንስ በየቀኑ እጁን ባለማምደው?» አሉ። ይህን እኔው በኢምፓርፌ ተረጎምኩት።