የሸይኻችን ሲዲዎችና ደካማው ራዊ



ረመዷን እንደወጣ የሸይኻችን ልጅ አንድ የጫማ ካርቶን ይዞ መስጂድ መጣ። «አባባ ክፍል ውስጥ ያገኘነው ነው፤ ጽሑፉ የአንተ መሰለኝ» አለኝ። ስከፍተው 23 ሲዲ። ሸይኻችን (አሏህ ይዘንላቸውና) ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያቀሩን የነበረው የተፍሲሩል ጀላለይን ደርስ ነው፤ ከሱረቱል ከህፍ እስከ ሱረቱ ናስ። ጽሑፉም በእርግጥ የእኔ ነው። በ2001 ዓ.ም. ገና ጺም ያላወጣሁ ደረሳ ሳለሁ፣ ኮምፒውተር መንካት የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ ከካሴት ወደ ሲዲ የገለበጥኩት እኔ ነበርኩ።

ጀላለይን ያልቀራችሁ ካላችሁ፣ ስሙ «ሁለቱ ጀላሎች» ማለት ነው። ጀላሉዲን አል-መሐሊ ከከህፍ ጀምረው እስከ ናስ፣ ከዚያም ፋቲሓን ፈሰሩና ሳይጨርሱ ሞቱ። ከበቀራ እስከ ኢስራእ ያለውን የሞሉት ተማሪያቸው ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ናቸው። ሸይኻችንም ደርሱን የጀመሩት መሐሊ ከጀመሩበት ነበር። ወደ በቀራ ሳይመለሱ አጀላቸው ደረሰ።

ካርቶኑን ያየው ሁሉ አልሐምዱሊላህ አለ። እኔ ግን ሆዴ ፈራ። ካሴቶቹ የሉም፤ ገንዘብ ስላልነበረ ኹጥባ እየቀዳንባቸው አጥፍተናቸዋል። የመስጂዱ ኮምፒውተርም ከዓመታት በፊት ፎርማት ተደርጓል። ስለዚህ ያ ሁሉ ደርስ ያለው እዚያ ካርቶን ውስጥ ብቻ ነው።

የፈራሁት አልቀረም። የመጀመሪያውን ሲዲ ላፕቶፕ ውስጥ ሳስገባው ዞረ፣ ቆመ፣ እንደገና ዞረ፣ ከዚያ «ዲስክ ያስገቡ» አለኝ። ሁለተኛው እንዲሁ። ሦስተኛው ላፕቶፑን እስኪጠፋ አደረቀው። አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ከመሳቢያው የፊልም ዲቪዲ አውጥቶ አስገባ፣ ወዲያው ሠራ። «ድራይቩ ጤነኛ ነው፤ ሲዲዎችህ ሞተዋል፤ ጣላቸው» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ለሸይኹ ልጅ ግን ሳምንት ሙሉ አልነገርኩትም። ሶላት ላይ ሳይቀር ካርቶኑ ይመጣብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሱብሒ በኋላ ከልጆቹ ጋር ሙስጠለሕ እያየን ሳለ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ሐዲስ ደዒፍ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «በየት በኩል መጣ?» ነው። በአንድ ደካማ ራዊ መጥቶ የወደቀ፣ በሌላ ጠንካራ መንገድ ሲመጣ ሊቆም ይችላል። እኔ ሲዲዎቹን የጣልኳቸው በአንድ ራዊ ቃል ነው፤ በዚያ ላፕቶፕ ድራይቭ። ጠጋኙ ደግሞ ራዊውን የፈተነው በማይገናኝ ነገር ነው።

ለምን አይገናኝም? ሱቅ የሚሸጠው ፊልም ወይም የቁርኣን ሲዲ በፋብሪካ የታተመ ነው። ጉድጓዶቹ ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጸዋል፣ በላዩ የብረት ሽፋን አለ፤ ሌዘሩ በቀላሉ ይለየዋል። እኛ ቤት በርን የምናደርገው ግን ጉድጓድ የለውም። ውስጡ ቀለም አለ፤ የበርነሩ ሌዘር ቀለሙን በሙቀት እያጠቆረ ነው የሚጽፈው። በጨለማውና በብርሃኑ መካከል ያለው ልዩነት ከፋብሪካው ያነሰ ስለሆነ፣ ሌንሱ አቧራ የያዘው ወይም ሌዘሩ የደከመ ድራይቭ የፋብሪካውን አንብቦ የቤቱን ያቅተዋል። በዚያ ላይ ዲቪዲና ሲዲ የሚነበቡት በተለያየ ሌዘር ነው፤ ዲቪዲው በሚታይ ቀይ ብርሃን፣ ሲዲው ዓይን በማያየው። አንዱ ሞቶ ሌላው ሊሠራ ይችላል። እንግዲህ የጠጋኙ ፊልም በሁለቱም በኩል ምስክር ሊሆን አይችልም ነበር።

መጀመሪያ ሌንሱን ጠረግኩ። የላፕቶፕ ድራይቭ ትሪው ሲወጣ ሌንሱ እንደ ትንሽ ዓይን ፊት ለፊት ይታያል። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በጥቂት አልኮል አርሼ፣ ሳልጫን፣ አንድ ሁለቴ ነካ ነካ አደረግኩትና እስኪደርቅ ጠበቅኩ። (ሽማግሌዎቹ የአልኮል ሽታ መስጂድ ውስጥ ቢሸታቸው ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ በረንዳ ላይ ወጥቼ ነው።) በአፍ እፍ ማለት አይሆንም፣ ምራቅ ይረጫል። ሲዲዎቹንም በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጌ ጠረግኩ። ዙሪያውን ማሸት ክፉ ነው፤ ጭረቱ የጽሑፉን መስመር ተከትሎ ረጅም ክፍል ይበላል።

ሰባቱ ተነበቡ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሸይኻችን «ቢስሚላህ» ከላፕቶፑ ሲወጣ ሙአዚናችን መጥረጊያውን ጥሎ ቁጭ አለ።

ለቀሩት ሌላ ራዊ ፈለግኩ። አንድ የጀመዓችን ሰው ቤት ሲዲ የሚጽፍ ድራይቭ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። የሚጽፍ ድራይቭ የቤት ሲዲን አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ ብቻ ከሚችለው ይሻላል። ሌላ አሥር ተነበቡ። ሦስቱ ደግሞ ጭራሽ ባዶ መስለው ታዩ። እነዚህ ስንፍናዬ ነበሩ፤ በኋላ ዘመን በሌላ ኮምፒውተር እንደ ፍላሽ እየጨመርኩ ጽፌባቸው፣ ሳልዘጋቸው ያወጣኋቸው ናቸው። ያልተዘጋ ሲዲ ሌላ ማሽን ላይ ባዶ ይመስላል። ጸሐፊው ድራይቭ ላይ «ሴሽን ዝጋ» የሚለውን ስነካላቸው ሦስቱም ተከፈቱ።

ሁለቱ ግን መሃል ላይ ይደርሱና ይደርቃሉ። ለእነዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወንድማችን ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አሳየኝ። ያልተነበበውን ዘሎ የሚነበበውን ቀድሞ ይሰበስባል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሞክራል፣ የቀረውንም ይመዘግባል። ዋናው ጥቅሙ ያንኑ ሲዲ ሌላ ድራይቭ ላይ ስታደርጉት ካቆመበት መቀጠሉ ነው። ዴስክቶፑ ያቃተውን ላፕቶፑ ሞላ፣ ላፕቶፑ ያቃተውን ዴስክቶፑ። ሁለት ሌሊት ፈጀ። እዚህም እዚያም ድምፁ እንቅፋት እንደመታው ሰው ዘለል ይላል እንጂ ደርሱ ይሰማል።

ሃያ ሁለት ሆነ። አንዱ ሞቷል። እውነተኛ ሞት።

የቤት ሲዲ ጽሑፉን የሚይዘው ሽፋን ያለው ከታች በምናየው በሚያብለጨልጨው ፊት ሥር አይደለም፤ ከላይ፣ ስም ከምንጽፍበት ፊት ስስ ቅብ ሥር ነው። ከታች ቢጫር ወፍራም ፕላስቲክ ይከላከልለታል፤ ከላይ ግን ጥፍርም ይበቃዋል። እኔ ያኔ «ያምራል» ብዬ ቁጥር 2 ላይ የወረቀት ስቲከር ለጥፌ ነበር። ስቲከሩ በዘመን ብዛት ደርቆ ሲላጥ የብር ሽፋኑን ይዞት ተነሣ። ሲዲውን ወደ መብራት ስይዘው ቀዳዳው ያሳያል። ከመርየም እስከ ጣሃ፣ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ደርስ።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ሰነዱ ውስጥ ያለው ደካማ ራዊ ድራይቩ ብቻ አልነበረም። ለዐስር ሶላት እየተቻኮልኩ በ52 እጥፍ ፍጥነት የጻፍኩት እኔ፤ በ8 ቢሆን አሥር ደቂቃ ገደማ ነበር የሚወስደው። ተነቧል አልተነበበም ብዬ ሌላ ማሽን ላይ ያልሞከርኩት እኔ። ካሴቶቹን «ሲዲው አለን» ብዬ ለኹጥባ የሰጠሁትም እኔ። ይህን ለሸይኹ ልጅ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «አባባ ጣሃን ስታቀራ ያለቀስክባት ቀን ሲዲው ላይ ነበረች?» አለኝ። ነበረች።

የተረፈው አሁን በሁለት ሃርድ ዲስክና በአንድ ፍላሽ ላይ አለ፤ አንዱ ሃርድ ዲስክ እሱ ዘንድ ነው። እናንተም የእናት የአባታችሁ ድምፅ፣ የኒካሕ ቪዲዮ በሲዲ ካላችሁ፣ የሲዲ ድራይቭ ያለው ላፕቶፕ ከገበያ እየጠፋ ነውና ዛሬ ነገ አትበሉ።

አንድ ልመና አለኝ። በ2001 እና በ2002 ለጠየቀኝ ሁሉ ኮፒ እሰጥ ነበር። «መርየም – ጣሃ፣ ቁጥር 2» የሚል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈበት ሲዲ ቤቱ ያለ ሰው፣ ቢሰነጠቅም ባይሠራም፣ በዚህ ገጽ መልእክት ይጻፍልኝ፤ ባለበት እመጣለሁ። ስቲከር ካለው ግን አትንኩት፤ እንዳለ ይቆየኝ።