የአቢንግደን አሮጌ አውቶሞቢል

ለሥራ ጉዳይ ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ በኦክስፎርድ በተቀመጥሁበት ጊዜ አንድ እሑድ ዕረፍት ስላገኘሁ፣ ከዚያ በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ አቢንግደን በአውቶቡስ ሄድሁ። አቢንግደን በቴምዝ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ትንሽ ጥንታዊት ከተማ ናት። በገበያው አደባባይ በ17ኛው መቶ ዓመት የታነጸ ታላቅ የድንጋይ አዳራሽ አለ። በነገሥታቱ የክብር በዓል የከተማው ሹማምንት ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ሆነው ለሕዝቡ ትንንሽ ዳቦ መወርወራቸው የቆየ ልማድ ነው።

ከተማይቱን በዓለም ያሳወቃት ግን ዳቦው ሳይሆን ኤም ጂ የሚባለው የስፖርት አውቶሞቢል ነው። ስሙ የተገኘው «ሞሪስ ጋራጅስ» ከሚባለው የኦክስፎርድ ጋራዥ ነው። ፋብሪካው በኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1929 ወደ አቢንግደን ተዛውሮ በ1980 ተዘጋ። ኤም ጂ ቢ የሚባለው ዓይነት ብቻ ከ1962 ጀምሮ ከ500 ሺህ በላይ ተሠርቷል።

ፋብሪካው የነበረበትን ሠፈር ለማየት ስሄድ፣ ሌሎች ሕንፃዎች ተሠርተውበት አገኘሁ። ወደ ኋላ ስመለስ ግን በአንድ ቤት ጓሮ ኮፈኗ የተከፈተ ቀይ ኤም ጂ ቢ አይቼ ቆምሁ። ባለቤቱም መቆሜን አይቶ በትሕትና ጠራኝ። በአጠገቡ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባቱ በወንበር ተቀምጠው ነበር። እኚህ አዛውንት በፋብሪካው ሞተርና ካምቢዮ ከአውቶሞቢሉ አካል ጋር ሲያገጣጥሙ የኖሩ ሠራተኛ ናቸው።

አውቶሞቢሏ የ1965 ሥራ ናት። ልጁ ያደረገውን ለውጥ አንድ በአንድ አሳየኝ። በፑንቲናው ፈንታ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ፣ በዲናሞውም ፈንታ አልተርኔተር ገብቷል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከ2000 ጀምሮ በዚያ አገር ለጠቅላላ ሽያጭ ስለ ተከለከለ፣ የቫልቮቹ መቀመጫ በጠንካራ ብረት ተተክቷል። አራት ማርሽ የነበረው ካምቢዮም ወጥቶ አምስት ማርሽ ያለው የጃፓን ካምቢዮ ስለ ገባ፣ በረጅም መንገድ ሞተሩ እንደ ቀድሞው አይጮህም።

ካምቢዮው ሲነሣ አዛውንቱ ፊታቸውን አዞሩ። «ያን ካምቢዮ በእኔ ዘመን የገጠምነው እኛ ነን። እሱ ከወጣ የእኛ ሥራ ምኑ ቀረ?» አሉ። ልጁ ምንም አልመለሰም። ጎንበስ ብሎ ከሥራ ጠረጴዛው በታች በግራሶ ተቀብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ዕቃ ገለጠ። አሮጌው ካምቢዮ ነበር። አዲሱን ሲያስገባ የአውቶሞቢሏን አካል እንዳልቆረጠና፣ ከእሱ በኋላ የሚወርሳት ሰው ቢወድ አሮጌውን መልሶ ለመግጠም እንደሚችል አስረዳኝ።

እኔም «ፍሬኑስ?» ብዬ ጠየቅሁ። በዚያ ዘመን የፍሬኑ ዘይት በአንድ መሥመር ብቻ ስለሚሄድ፣ አንዱ ቱቦ ቢፈስ አራቱም ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀራሉ። አሁን ግን መሥመሩ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ያግዛል። ልጁ ፈገግ ብሎ ወደ አባቱ አመለከተ።

አዛውንቱም፣ «ፍሬኑን የለወጥሁት እኔ ነኝ። የልጅ ልጄ መንጃ ፈቃድ አውጥታ በዚህች አውቶሞቢል እነዳለሁ ስትል ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። እኛ የሠራነው በዘመኑ በነበረው ዕውቀት ነው። ዛሬ የተሻለ ነገር መኖሩን እያወቅሁ ልጅቱን በአሮጌው ልላካት?» አሉ።

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ልጃቸውን፣ «እስቲ አስነሣት» አሉት። ሞተሩ ተነሣ። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ፣ «ድምፅዋ ያው ነው» ብለው ወደ ፊተኛው ወንበር እንዲያስገቧቸው እጃቸውን ዘረጉ። እኔም አንዱን ክንዳቸውን ደገፍሁ።

የአባትን ሥራ የሚያከብር ሰው ምንም ሳይነካ ማስቀመጥ ይገባዋል ብዬ አስብ ነበር። በአቢንግደን ያየሁት ግን ለሰው ሕይወት የሚያሰጋውን መለወጥ፣ የተነሣውንም ዕቃ ሳይጥሉ ለሚቀጥለው ትውልድ ማቆየት ነው። አባትና ልጅ በቀይዋ አውቶሞቢል ወደ ወንዙ ሲወርዱ በዓይኔ ከሸኘኋቸው በኋላ ወደ አውቶቡሴ ተመለስሁ።