ዘር ባሕር ይሻገራል፤ ጥበብ ግን ሰው ይፈልጋል

ሰው ከተወለደበት ስፍራ ወጥቶ በባዕድ ሀገር ዕውቀት መሻቱ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ሕግን፥ ሕክምናንና ምሕንድስናን ይማሩ ዘንድ ብዙ ልጆቻችን ባሕር ተሻግረዋል፤ ወላጆቻቸውም በደስታ መርቀው ሸኝተዋቸዋል። ነገር ግን አንዲት ልጅ «የገበሬን ሥራ ልማር፤ ደመወዝም ሳልቀበል በእጄ ላገልግል» ብላ የሩቅ ሀገር ጉዞ በጠየቀች ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይደነግጣል። በእኛ ቤት የደረሰው ይህ ስለሆነ፥ ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚቀርብላቸው ወላጆች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ልጽፈው ወደድሁ።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው በቡራዩ፥ ከገፈርሳ ውሃ አጠገብ ነው። እኔ ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ እኖራለሁ። ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈው እናታችን ደግሞ አባታችን በተዉልን የሰበታ ግቢ ይኖራሉ። የወንድሜ ልጅ የእርሻን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ፈጽማ ከተመረቀች በኋላ፥ ወደ ጓቴማላ ሄዳ በማያ ገበሬዎች መካከል ስድስት ወር በበጎ ፈቃድ ለመሥራት አሰበች። የምትሻውም ፐርማካልቸር የሚባለውን የእርሻ ሥርዓትና የማያን ሕዝብ ልማድ ማወቅ ነው።

ወንድሜ ይህን በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፥ ይህ እንዴት ያለ ውል ነው? እርስዋ በነጻ ልትሠራ፥ የምግብዋንና የመኝታዋን ዋጋ ደግሞ እኛ ልንከፍል! መኰትኰት ከሆነ የምትሻው የእናታችን ጓሮ በሰበታ አለላት» አለኝ። አነጋገሩ ቀልድ ቢመስልም ትልቅ ቁም ነገር ነበረበት። ስለዚህ ልጅቱን አስጠርቼ ሐሳብዋን በዝርዝር ታስረዳኝ ዘንድ ጠየቅኋት።

ፐርማካልቸር የሚለውን ስም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ለዓለም ያስታወቁት ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን የሚባሉ ሁለት የአውስትራልያ ሰዎች ናቸው። ፍሬ ነገሩም መሬትን ከማረስ አስቀድሞ በትዕግሥት መመልከት፤ የዝናብን ውሃ ሳይሸሽ ከላይ መያዝ፤ ረጅሙን ዛፍ፥ ቍጥቋጦውንና አጭሩን ቅጠል እርስ በርሳቸው ይረዳዱ ዘንድ አንድነት መትከል፤ ከቤት የወጣውንም ጥራጊ ለመሬት መመለስ ነው።

ማያዎችም በፍርስራሽ ከተሞቻቸው ብቻ የሚታወሱ የጠፉ ሕዝብ አይደሉም። ዛሬም በጓቴማላ፥ በደቡብ ሜክሲኮና በአካባቢው ሀገሮች በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሆነው በየቋንቋዎቻቸው ይናገራሉ፤ ያርሳሉ። እኛ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወርና በጳጉሜን እንደምንቈጥር፥ የእነርሱም የጥንት አቈጣጠር እያንዳንዱ 20 ቀን ያለው 18 ወርና በመጨረሻው የምትጨመር 5 ቀን አለው። በእርሻቸውም በቆሎ፥ ቦሎቄና ዱባ በአንድ መሬት ይበቅላሉ፤ በቆሎው ለቦሎቄው ምርኩዝ ይሆነዋል፤ ቦሎቄው መሬቱን ያዳብራል፤ የዱባውም ሰፊ ቅጠል አፈሩን ሸፍኖ እርጥበቱን ይጠብቃል፥ አረሙንም ያስቀራል።

እንግዲህ በዚህ ስፍራ ልጅቱ የተናገረችው ነገር ልቤን ነካው። «ጋሼ፥ በቆሎን አባቶቻችን የባሕር ማሽላ ይሉት የለምን? ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። በርበሬውም፥ ዱባውም፥ ቦሎቄውም የመጡት ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው። ዘሩ መጣ፤ ዘሩን ያሳደጉት ሰዎች ጥበብ ግን ከዘሩ ጋራ አልመጣም» አለችኝ።

የዚህም ነገር እውነተኛነት በሌሎች ሕዝቦች ላይ በደረሰው መከራ ታይቷል። የማያና የጐረቤቶቻቸው ሴቶች በቆሎን ከመፍጨታቸው በፊት ከኖራ ወይም ከአመድ ጋራ ይቀቅሉታል፤ ይህም በእህሉ ውስጥ የተቈለፈውን ለሰውነት አስፈላጊ የሆነ ቪታሚን ይፈታዋል። አውሮፓውያን ግን እህሉን ወስደው አቀቃቀሉን ተዉት። ስለዚህ በቆሎን ብቻ ይመገቡ በነበሩት የስጳኝና የኢጣልያ ድኾች ላይ ፔላግራ የሚባል፥ ቆዳን የሚያቈስልና አእምሮን የሚያውክ በሽታ ወደቀ። ካሳል የሚባል የስጳኝ ሐኪም ይህን ደዌ በ1735 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ገልጾ ጽፎታል፤ በአሜሪካም ደቡብ ክፍል እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ብዙ ሺህ ሰው ገድሏል። ዘሩን ወስዶ ጥበቡን መተው ይህን ያህል ያስከፍላል።

እኔም ከሱሉልታ ቤቴ ወደ አዲስ አበባ በወረድሁ ቍጥር የማየው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ትዝ አለኝ። እርሱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣ ነው። ማገዶ አጥታ ልትለቀቅ ለደረሰችው ዋና ከተማ ትልቅ ውለታ መዋሉ የማይካድ ነው። ነገር ግን ከሌላ ተክል ጋራ መስማማትን አያውቅም፤ ከሥሩ ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፥ ውሃም ብዙ ይጠጣል። በሰበታ በኩል ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን የተመለከተ ሰው ግን ጽድና ወይራ ከብዙ ዓይነት ቅጠል ጋራ ተስማምተው ሲኖሩ ያያል። ይህ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል።

ነገር ግን የወንድሜም ክርክር ከንቱ አልነበረም። ልጅቱ በውጭ ሀገር ልትፈልገው የተነሣችው ጥበብ በሀገራችን ሞልቷል። የኮንሶ ሕዝብ ገደሉን በድንጋይ እርከን ደግፎ አፈሩንና ውሃውን በመያዙ ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። የጌዴኦም ገበሬ ትልልቁን ዛፍ ከላይ፥ እንሰቱን ከመካከል፥ ቡናውን ከሥሩ አድርጎ መትከሉ በ2016 ዓ.ም. ይኸው ክብር ተሰጠው። ይህን የማያውቅ ሰው ባሕር ቢሻገር ባዶ እጁን ሄዶ የሰው ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ ለሁለቱም የሚስማማ አንድ ነገር ፈረድሁ። ልጅቱ ከመሄድዋ በፊት አንድ ክረምት በሰበታ ከአያትዋ ጋራ ትቀመጥ፤ የጓሮውንም ሥራ በእጅዋ ሠርታ በደብተር ትጻፈው አልሁ። ይህን ያልሁት ለማዘግየት ብዬ አይደለም። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ የቤቱ ሥራ እየበዛ ሄዷል፤ በእናቴም ግቢ ዙሪያ የነበሩት ጓሮዎች ዛሬ ፎቅ ሆነዋል። እናቴም ሰማንያን አልፈዋል። ልጅቱ ተምራ ስትመለስ አስተማሪዋን ያጣች እንደሆነ፥ ከጓቴማላ የምታመጣው ዕውቀት የሚገጥምበትን ስፍራ ያጣል ብዬ ፈራሁ።

ልጅቱም እሺ ብላ ከሰኔ ጀምሮ ተቀመጠች። ከጣራው የሚወርደው ውሃ በትንሽ ቦይ ወደ ጌሾው እንደሚሄድ፥ የምድጃው አመድ በጎመኑ ላይ የሚበተንበትን ጊዜ፥ ጤና አዳሙና ኮሰረቱ በየትኛው ጥግ እንደሚስማማቸው ጻፈች። በበቆሎው መካከል ቦሎቄ፥ በአጥሩም ሥር ዱባ አገኘች። ለምን እንዲህ እንደ ተተከለ አያትዋን ብትጠይቃቸው «የባሕር ማሽላ ብቻውን መቆም አይወድም፤ እንደ ሰው ነው» አልዋት። ማያዎች በሚሊዮን ሆነው የሚያውቁትን አንዲት የሰበታ ባልቴት ደግሞ ከመሬቱ ተምረውት ኖረዋል።

እናቴም በበኩላቸው ስለ ሰዎቹ ጠየቁ። «ቡና ያፈላሉን?» አሉ። የጓቴማላ ተራሮች በቡና የታወቁ መሆናቸውን፥ ቡናውም ከእኛ ምድር የወጣ መሆኑን ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ በርበሬያቸውን በልተን ቡናችንን ጠጥተው ሳንተዋወቅ ኖረናል። ትሂድና ትጠይቃቸው» አሉ። ወንድሜም ከዚህ በኋላ አልተከራከረም።

በበጎ ፈቃድ ማገልገልን በሚመለከት ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየትምህርት ቤቶቻችን ገብተዋል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር። ነገር ግን አስተማሪ ሆኖ መሄድና ተማሪ ሆኖ መሄድ ልዩ ልዩ ነው። ማያዎች ከ1960 እስከ 1996 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቆየው የጓቴማላ የእርስ በርስ ጦርነት ከሌላው ሁሉ ይልቅ የተጐዱ ሕዝብ ናቸው፤ ወደ ቤታቸው የሚገባ እንግዳ አንገቱን ዝቅ ሊያደርግ ይገባዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀርብላችሁ ወላጆች ሆይ፥ ከመከልከል በፊት መርምሩ። የሚቀበላት ማን እንደሆነ፥ የሀገሩም ገበሬዎች ራሳቸው እንግዳ መቀበልን ወድደው እንደሆነ፥ የምትከፍለውም ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ ጠይቁ። ቋንቋቸውን ሳትጀምር አትሂድ። የኛይቱ ልጅ ስጳንኛን በማጥናት ላይ ናት፤ ከመስቀል በኋላም ትነሣለች። ዘር ያለ ሕጋዊ የጤና ማስረጃ ከሀገር ወደ ሀገር እንዳይተላለፍ የተከለከለ ስለሆነ፥ አንዲት ፍሬ እንኳ አትይዝም። የምትይዘው የአያትዋ ጓሮ የተጻፈበትን ደብተር ነው፤ ከገጹም እኩሌታው ባዶ ሆኖ ተትቷል።