የፍጥነት ዋጋ



በጂዳ ሂንዳዊያ ሰፈር፣ አራት ሆነን በምንኖርባት ጠባብ ክፍል፣ አንዲት ላፕቶፕ ነበረችኝ። በሦስት ወር ቁጠባ የገዛኋት ናት። እናቴን የማያት፣ የልጄንም ፎቶግራፎች የማኖረው በእርሷ ነበር። ሌሊት ከሥራ ስመለስ ፍራሽ ላይ አስቀምጬ እጠቀምባት ነበር፤ ማራገቢያዋ ሲጮኽ የትጋት ድምፅ እንጂ የጭንቅ ድምፅ አልመሰለኝም። በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ጠፋች፤ ዳግመኛም አልበራችም። ጠጋኙ ፎቶግራፎቹን ቢያወጣልኝም እርሷን ግን ሊያድናት አልቻለም። «በሙቀት አልቃለች» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰር የሚወስደው ኃይል በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነቱ ሲጨምር ቮልቴጁም ከፍ ይላል፤ ቮልቴጁ በጥቂቱ ሲጨምር ደግሞ የኃይል ፍጆታው ከዚያ በሚበልጥ መጠን ያድጋል። ስለዚህ ለጥቂት ፍጥነት ብዙ ሙቀት እንከፍላለን። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ፍጥነቱን ቀንሶ ራሱን ይጠብቃል። በአጠገቡ ያለው ባትሪ ግን በሙቀት ቶሎ ያረጃል፤ ማራገቢያው ያለ ዕረፍት በመዞር ያልቃል፤ ብየዳዎቹም በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ይደክማሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 ዓ.ም. 52 ዲግሪ በተመዘገበባት በጂዳ፣ ማራገቢያው የሚስበው አየር ራሱ ትኩስ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ አድርጉ። አንድ በመቶ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ ላፕቶፖች ተርቦ የሚባለውን ተጨማሪ ፍጥነት ያስቆማል፤ ከባድ ሥራ ሲኖር ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል። ለጽሑፍ፣ ለትምህርትና ለቪዲዮ ጥሪ የቀረው ፍጥነት ይበቃል። ማስተካከያው በማይታይባቸው ላፕቶፖች የኃይል ቁጠባን ምረጡ። አቧራውን ማስጠረግም አትርሱ፤ የአየር መውጫው ከተደፈነ ማስተካከያው ብቻውን አያድንም።

ዛሬ ሁለተኛዋን ላፕቶፕ በ99 በመቶ እሠራባታለሁ፤ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ለቤተሰባችን ስንል ያለንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውጣት የለመድን ሰዎች ነንና፣ ጥቂት ማስቀረት ስንፍና ይመስለን ይሆናል። ከጠፋችው ላፕቶፕ የተማርሁት ግን፣ የሚቆየው በልኩ የሠራው መሆኑን ነው። ዛሬ ማታ አገር ቤት ከመደወላችሁ በፊት ላፕቶፓችሁን ከፍራሹ ላይ አንሡና ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡአት።