ብርድ ነው ብዬ

ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ሲሉኝ በብርድ አሳበብኩ። እኛ ሰፈር ቁርጥማት ሁሉ የብርድ ነው። ፌጦ ጠጣሁ፣ ካልሲ ደረብኩ፣ ያገኘሁትን ቅባት ሁሉ ተቀባሁ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስሄድ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ተባልኩ፤ ለካ ከበሽታ ሊጠብቀኝ የሚገባው የገዛ ሰውነቴ መገጣጠሚያዎቼን እየወጋ ኖሯል። ሐኪሙ ስለ እጄ ጠይቀው ሳይጨርሱ እንቅልፌንና ጭንቀቴን ሲያነሱብኝ ግን ተቀየምኩ። እጄን አመመኝ ብል ጭንቅላቴን ይጠረጥራሉ? "ደህና እተኛለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ስገላበጥ እንደማነጋ የማውቀው እኔ ነኝ።

ዋናው መድኃኒት እስኪሠራ ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ታዘዘልኝ። እጄ ተፈታ! ለጎረቤት ሁሉ የኪኒኑ ሰባኪ ሆንኩ። የታዘዘልኝ ሲያልቅ ሐኪሙን ሳላማክር ራሴ እየገዛሁ ቀጠልኩ። ፊቴ ሲሞላ ሰዉ "ተመችቶሻል" ይለኝ ጀመር፤ መጀመሪያማ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ መስታወት ሳይ ደነገጥኩና በድንገት አቆምኩት። ከዚያማ ስነሳ ያዞረኛል፣ ያስመልሰኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ቁርጥማቱም ብሶ መጣ። ሰው ደግፎኝ እኚያው ሐኪም ፊት ቀረብኩ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። መገጣጠሚያ ሲቆጣ የመከላከያ ሴሎች ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞችን ይለቃሉ። መልእክቱ በደምና በነርቭ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎል ፒቱታሪ ዕጢን፣ ፒቱታሪም ኩላሊት ላይ የተቀመጡትን አድሬናል ዕጢዎች ያዛል፤ እነሱ ኮርቲሶል አመንጭተው ቁጣውን ያበርዳሉ። ኪኒኑ ይህንኑ ሥራ ስለሚሠራ፣ የሱቅ እንጀራ የለመደ ቤት ምጣዱን እንደሚረሳ፣ የእኔም ዕጢዎች ማመንጨቱን ትተውት ነበር። ሌሊት ኮርቲሶል ዝቅ ሲል ሳይቶካይኖቹ ወደ ንጋት ይበረታሉ፤ ብርድ ነው ያልኩት የጠዋት መተሳሰር አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። እነዚያው መልእክተኞች አንጎል ላይ ድካምና ድብርት ያመጣሉ፤ እንቅልፍ ማጣትም በተራው ሕመሙን ያብሳል። እኔ ግን ራሴን ሰነፍ እያልኩ ስረግም ከርሜያለሁ።

የኪኒኔን ዘር ለቁርጥማት ካስተዋወቁት አንዱ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በማዮ ክሊኒክ አንድ ታማሚ የወፍ በሽታ ሲይዘው ቁርጥማቱ ሲተወው አየ። እርጉዞችም እንደሚሻላቸው አስተዋለ። እንግዲህ ፈውሱ ከሰውነት ይመነጫል ብሎ ጠረጠረ፤ በ1948 የኮርቲሶል ዘመድ የሆነው ኮርቲዞን ለመጀመሪያዋ ታማሚ ተሰጠ፤ በ1950 ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክስታይን ጋር ኖቤል ተሸለመ። የመድኃኒቱ ጉዳትም ብዙ ሳይቆይ ታየ። ሄንች የቁርጥማትን መፍትሔ ከወፍ በሽታና ከእርግዝና ተነሥቶ ሲፈልግ፣ እኔ ስለ እንቅልፌ መጠየቄን እንደ ስድብ ቆጠርኩት።

አሁን ኪኒኑን እንደገና ጀምሬ የምቀንሰው ሐኪሙ ባሉኝ ልክ፣ ቀስ በቀስ ነው። "እንቅልፍሽስ?" ሲሉኝ አልቀየምም። ሁልጊዜ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብል ግን ውሸቴን ነው።